ጉልቻ፣ ምጣድና ሽቦ

ያለፈውን ዘመን መልክ ስለያዙ የቤት ዕቃዎች

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ዘወትር የሚነገረው ስለ ሹም ሽር ነው። በቤት ዕቃ ታሪክ ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ሦስቱ ድንጋይ ቀርቶ የጭቃ ምድጃ፣ የጭቃው ቀርቶ የሲሚንቶ፣ የሲሚንቶውም ቀርቶ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲተካ፣ በላዩ የሚጣደው ክብ ሸክላ ቅርጹን ሳይለውጥ ለምን ኖረ? በአንጻሩ ደግሞ አንድ ጊዜ የቤቱ መመኪያ የነበረው የእንጨት ሣጥን ራዲዮ ከሥራ ወጥቶ የቡና ቤት ግድግዳ ማስጌጫ የሆነው ስለምንድን ነው? ሁለቱም አሮጌ መልክ አላቸው፤ ሁለቱም ይወደዳሉ። የሚወደዱበት ምክንያት ግን አንድ አይደለም። ልዩነቱን በሚገባ ለመረዳት ዕቃዎቹን ከነታሪካቸው መመልከት ያስፈልጋል።

የስም ዕድሜ

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ ውስጥ ጭድ ተራ የሚባል ሰፈር አለ። እንደሚታወቀው ቀድሞ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ የፋሺስት ኢጣሊያ አስተዳደር ከተማዋን በዘር ለመክፈል ባወጣው ዕቅድ መሠረት አራዳን ለነጮች ይዞ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ወራሪው ተባሮ ከወጣ በኋላ ገበያው በተዛወረበት ቀረ፤ የኢጣሊያንኛው ስምም አብሮት ቀረ። ነጋዴው ግን በውስጡ የራሱን ሥርዓት ዘረጋ። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ፤ ረድፉም «ተራ» ይባላል። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ጭድ ተራ የሚሉት ስሞች ሁሉ የዚሁ ሥርዓት ምስክሮች ናቸው።

ጭድ ዛሬ ለከተማ ሰው ተርታ ነገር ይመስላል። የጭቃ ቤት ዘመን ግን ያለ ጭድ አይታሰብም። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ሲገባበት ግን ጭዱ እንደ ጅማት ሆኖ ይይዘዋል። ከሁሉም የጤፍ ጭድ ይመረጣል፤ ቀጭንና ለስላሳ በመሆኑ ከጭቃው ጋር በሚገባ ይዋሐዳልና። በጭድ የተቦካ ጭቃ ግድግዳ ይመረግበታል፤ ጎተራ ይለቀለቅበታል፤ ምድጃ ይሠራበታል። ከዚህም ሌላ ጭድ ለጋሪ ፈረስ መኖ፣ ለፍራሽ ሙሌት፣ ሸክላም በመንገድ እንዳይሰበር መጠቅለያ ሆኖ አገልግሏል። የከተማይቱ የቤት ዕቃ ታሪክ ከጭድ ቢጀምር እንግዲህ ተገቢ ቦታው ነው። እሳት ያረፈበት የመጀመሪያው የቤት መሣሪያ የጭድና የጭቃ ውጤት ነበርና።

ከተማይቱ በብሎኬትና በኮንክሪት እየተሠራች ስትሄድ የጭዱ ሥራ ጠበበ፤ ስሙ ግን አልጠበበም። ከዚህ የምንረዳው ስም ከዕቃው የረዘመ ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ነው። ይሁን እንጂ ስም ዕቃውን ያስታውሳል እንጂ አይተካውም። የዕቃ መልክም እንዲሁ ነው። መልኩ ከሥራው ጋር ተያይዞ ሊኖር ይችላል፤ ከሥራው ተለይቶም እንደ ስም ብቻውን ሊቀር ይችላል። አሮጌ መልክ ያላቸው ዕቃዎች ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንደኛው ይመደባሉ።

ምጣድ፤ መልኩ ከሥራው ያልተለየ ዕቃ

የመጀመሪያውን ዓይነት በሚገባ የሚያሳየው ምጣድ ነው። ምጣድ የሚሠራው ከተመረጠ አፈር ነው። አፈሩ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ ተቦክቶ፣ በእጅ ተድጦ ክብ ይሆናል፤ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቅና በእንጨት፣ በኩበትና በገለባ እሳት ይተኮሳል። ከዚያ በኋላም ቢሆን እንጀራ ለመጋገር ገና ነው። ገዢዋ ወደ ቤት ወስዳ በጎመን ዘር ታሟሸዋለች። የተወቀጠው ፍሬ በጋለው ሸክላ ላይ ደጋግሞ ሲታሽ ቅባቱ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል፤ ፊቱ ጠቁሮ ይለሰልሳል፤ ሊጡም አይያያዝበትም። በየጋገራው መካከል በማሰሻ መታሰሱም ይህንኑ ልስላሴ ለመጠበቅ ነው።

የሸክላው ጠባይ ለእንጀራ የተፈጠረ ያህል ነው። ሸክላ ቀስ ብሎ ይግላል፤ ከጋለ በኋላ ግን ሙቀቱን አምቆ ይይዛል። ቀዝቃዛ ሊጥ ሲፈስበት ግለቱ በአንድ ጊዜ አይወርድም፤ ሙቀቱንም ከዳር እስከ ዳር በእኩልነት ይሰጣል። የእንጀራው ዐይን የሚወጣው በዚህ የተነሣ ነው። ስስ ብረት ግን ቶሎ ይግላል፤ እሳቱ በነካው በኩል ያሳርራል፤ ባልነካው በኩል ሊጡን ጥሬ ይተወዋል። «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» የሚለው ተረት ያለ ምክንያት አልተነገረም። የተሟሸ ምጣድ የብዙ ቀን ድካም ውጤት ስለሆነ የቤቱ እመቤት ከሌላው ዕቃ ሁሉ አስበልጣ ትሳሳለታለች።

የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ማድቤት ሲገባ የገጠመው ይህ ዕቃ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነበር። የቆቃ ግድብ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አዲሱ ኃይል ብዙ ነገር ለወጠ፤ ምጣዱን ግን አልለወጠም። የለወጠው ከምጣዱ በታች ያለውን ብቻ ነው። በሸክላው ጀርባ ላይ ክብ ክብ እየዞረ የሚሄድ ቦይ ይቦረቦራል፤ በቦዩ ውስጥ የተጠማዘዘ ሽቦ ይቀበራል፤ ላዩ በጀሶ ይደፈናል፤ ሁሉም እግር ባለው የብረት ጣባ ላይ ይቀመጣል። ክዳኑ እንኳ ከሣርና ከጭቃ ወይም ከእበት ይሠራ የነበረውን የአክንባሎን ሾጣጣ ቅርጽ እንደያዘ በአሉሚኒየም ተሠራ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት የሚጠጋ ኃይል ይፈልጋል፤ ይህም ስልሳ ያህል ባለ 60 ዋት አምፑል በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ኃይል በመጨረሻ ከሚደርስባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው በሴት እጅ የተዳጠ ሸክላ ነው።

ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ወይም በሚቋረጥበት ቤትም የለውጡ መንገድ ተመሳሳይ ነው። በ1980ዎቹ የተሻሻሉ ምድጃዎች ለሕዝብ ሲቀርቡ፣ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ሦስቱን ጉልቻ ተክቶ የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ቀነሰ፤ ምጣዱ ግን ያው ምጣድ ነበር። በኬንያ ከተሠራው ምድጃ ትምህርት ተወስዶ የተዘጋጀችው «ላቀች» የከሰል ምድጃም በውጭ የቆርቆሮውን ማንደጃ መልክ እንደያዘች፣ ሙቀት እንዳያመልጥ በውስጧ ሸክላ ለበሰች። አዋቂዎቹ የሕዝቡን እጅ ያስለመደውን ቅርጽ ጠብቀው በውስጡ ያለውን እሳት አሻሻሉ እንጂ አዲስ ቅርጽ ይዘው አልመጡም። ተቀባይነት ያገኙበት አንዱ ምሥጢር ይህ ነው።

ጀበናም ከዚህ ወገን ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ጠባብ የሆነው ለውበት ብቻ አይደለም። ቡናው ገንፍሎ ሲወርድ አተላው በሆዱ ይረጋል፤ ጠባቡ አንገት ደግሞ ጥሩውን ብቻ ያወጣል። ጀበናው በከሰልም ይጣድ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃም ይጣድ፣ ሥራው እስካለ ድረስ መልኩ አለ።

ሸክላ ሲዘፍን

ሁለተኛው ዓይነት ታሪኩ ሌላ ነው። በ1891 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ የተላከላቸውን የድምፅ መልእክት በፎኖግራፍ ሰሙ፤ እነርሱም በሰም በተሠራ በርሜል ላይ ድምፃቸውን ቀርጸው መልስ ላኩ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የተነካካው መርፌ ድምፅ የሚያወጣበትን ጥቁር ክብ ነገር ሕዝቡ «ሸክላ» አለው። በእርግጥም ያ ዘመን ያወጣው የሙዚቃ ሸክላ ሲወድቅ እንደ ገንቦ የሚሰበር ነበር። ምጣዱና ዘፈኑ በአንድ ቃል ተጠሩ፤ የቋንቋው ብልኀት አዲሱን ዕቃ ከሚያውቀው ዕቃ ጋር አዛመደው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሸክላ ታሪክ የከተማው የጥበብ ታሪክ አካል ነው። ሸክላ የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. በራሱ ስም የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአሊ አብደላ ካይፋ ድርጅትም ተከተለ። ነገር ግን የሸክላው ዘመን አጭር ነበር። ካሴት መጣ፤ ዋጋው ርካሽ፣ ለመቅዳት ቀላል፣ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ የሚደመጥ ሆነ። በ1970ዎቹ ሸክላው ከገበያ ወጣ። ማጫወቻው ተሰብስቦ ከአልጋ ሥር ገባ፤ ከዚያም ወደ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሄደ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም እነዚያን ዜማዎች በተከታታይ ማሳተም ሲጀምር፣ ተጥሎ የነበረው ነገር በውጭ አገር ተፈላጊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ በጂም ጃርሙሽ ሥራ ውስጥ ሲሰማ ፍላጎቱ ጨመረ። አሮጌዎቹ ሸክላዎች በየአገሩ ባሉ ሰብሳቢዎች ዘንድ ብርቅ ሆኑ። በአገር ውስጥ ግን የሸክላ ማጫወቻው ተመልሶ የቤት ዕቃ አልሆነም። የተመለሰው መልኩ ነው። በቡና ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያለፈውን ዘመን ይመሰክራል እንጂ አይዘፍንም።

የራዲዮም ዕጣ እንዲሁ ሆነ። በውስጡ እንደ አምፑል የሚበሩ የመስተዋት ቱቦዎች የነበሩት፣ በተወለወለ እንጨት የተሸፈነው ራዲዮ በዚያ ዘመን በሳሎን የክብር ቦታ ነበረው። እስኪሞቅ ይጠበቃል፤ ላዩ በጥልፍ ይሸፈናል። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈለሰፈው ትራንዚስተር ግን ራዲዮን ከሳሎን አውጥቶ ለእረኛውና ለሱቅ በደረቴው አበረከተ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ደግሞ በሳሎኑ የቀረውን የክብር ቦታ ወሰደ። የእንጨቱ ራዲዮ የሚሠራውን ሥራ ትንሹ በተሻለ ስለሠራው፣ ትልቁን ለማቆየት የቀረው ምክንያት መልኩ ብቻ ነበር።

ስለ ብርሃንም ጥቂት መባል አለበት። ከተጣለ ጣሳ የሚሠራው ኩራዝ፣ መስተዋት ያለው ፋኖስ፣ በንፋስ ግፊት ላምባ የሚያነደው ማሾ በየደረጃቸው የከተማውንና የገጠሩን ሌሊት አብርተዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኤሌክትሪክ ባልነበረባቸው መንደሮች የማታ ትምህርቱን የሰጠው በእነዚህ ብርሃን ነው። በዚያው ዘመን የተቋቋመው የመንግሥት መጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት «ኩራዝ» ተብሎ መሰየሙም የሚያስገርም አይደለም። ዛሬ ፋኖስ በሆቴል በር ላይ በውስጡ የኤሌክትሪክ አምፑል ተደርጎበት ይታያል። ላምባው የለም፤ ክሩ የለም፤ ቅርጹ ብቻ አለ።

የስፌት መኪና፤ አዲስ ሆኖ አሮጌ

በሁለቱ መካከል የሚቆም አንድ ዕቃ አለ። እርሱም በመርካቶ በረንዳዎች ላይ በእግር እየተረገጠ የሚሠራው የልብስ ስፌት መኪና ነው። አሜሪካዊው አይዛክ ሲንገር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ጥቁር አካሉ፣ በላዩ የተሣለው ወርቃማ ሐረግ፣ የብረት እግሩና ጠፍሩ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃሉ። የሚያስደንቀው ዛሬም በቻይና ተሠርቶ ከሣጥኑ በሚወጣው አዲስ መኪና ላይ ያው ጥቁር ቀለምና ያው ወርቃማ ሐረግ መኖሩ ነው። የቢራቢሮ ምልክት ያለውን ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ይህን መኪና ሰፊው የሚገዛው አያቱን ለማስታወስ አይደለም። መብራት ሲጠፋ አይቆምም። ሲበላሽ በመፍቻና በጠብታ ዘይት ይከፈታል፤ መለዋወጫው በቅርብ ይገኛል። አንዱን የሚያውቅ ሁሉንም ያውቃል፤ ሙያው ከመኪና ወደ መኪና፣ ከመምህር ወደ ተማሪ ይሻገራል። ቅርጹ ያልተለወጠው ዕውቀቱ በቅርጹ ላይ ስለተቀመጠ ነው። ቅርጹ ቢለወጥ በሺህ የሚቆጠሩ እጆች እንደገና መማር ይኖርባቸዋል። የወርቃማው ሐረግ ተግባርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሐረጉ ጌጥ ነው፤ ግን ለገዢው «የምታውቀው መኪና ነኝ» የሚል ማረጋገጫ ነው።

የጥገናው ባህል በመርካቶ ራሱን የቻለ ተቋም ነው ማለት ይቻላል። ቁራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የተጣለ ብረትና ጠርሙስ ይሰበስባል፤ ልዋጭ ነጋዴው አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ አዲስ የፕላስቲክ ሳሕን ይሰጣል። የተሰበሰበው ብረት ወደ ምናለሽ ተራ ይገባል። በዚያም በርሜል ምድጃ፣ ጣሳ ኩራዝ፣ ቆርቆሮ የከሰል ማንደጃ ይሆናል። መዶሻ ቀኑን ሙሉ በሚሰማበት በዚህ ሰፈር «አሮጌ» ማለት «ያበቃለት» ማለት አይደለም፤ የሚቀጥለውን መልክ የሚጠብቅ ማለት ነው።

በውጭው ዓለም

ያለፈውን መልክ መውደድ የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ አይደለም። በኢንዱስትሪ በበለጸጉ አገሮች «ሬትሮ» የሚባል ፈሊጥ ከተስፋፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ስሜግ የሚባለው የኢጣሊያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ማዕዘኑ የተድበለበለ፣ ቀለሙ ደማቅ ማቀዝቀዣ ከ40 ዓመት በፊት የነበረውን መልክ የያዘ ነበር፤ ውስጡ ግን የጊዜው መሣሪያ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የተሸጠው የሙዚቃ ሸክላ ቁጥር ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሲዲ በልጧል። ይህ የሆነው ሙዚቃን ያለ ምንም ዕቃ ከአየር ላይ ማውረድ በሚቻልበት ዘመን ነው።

ለዚህ ፍላጎት የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው። የሚዳሰስ፣ ቁልፉ የሚዞር፣ ክብደት ያለው ነገር የተናፈቀው ሁሉም ነገር በመስተዋት ሰሌዳ ላይ በጣት መነካካት ሲሆን ነው። ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ኑሮ የማይለወጥ መልክ ያስመኛል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የፈረንጁ አሮጌ መሰል ማቀዝቀዣና የመርካቶው የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚገናኙት በአሮጌ ቅርጽ ውስጥ አዲስ ኃይል በመያዛቸው ነው፤ በመነሻቸው ግን ይለያያሉ። በመጀመሪያው ቅርጹ የተመረጠው ስላማረ ነው፤ ማቀዝቀዣው በሌላ ቅርጽ ቢሠራም ያው ያቀዘቅዛል። በሁለተኛው ቅርጹ የቀረው ሥራው ስለሚጠይቀው ነው፤ ከክብ ሸክላ ውጭ እንጀራው እንጀራ ለመሆን ይቸገራል። የፊተኛው መልክ ልብስ ነው፤ የኋለኛው አካል ነው።

ከዚህ በመነሣት ጌጥ የሆነውን ራዲዮ መናቅ ተገቢ አይሆንም። ጌጥም የሰው ፍላጎት ነው። የአባቱን ራዲዮ በመደርደሪያ ያስቀመጠ ሰው ዝምድናን አክብሯል። ስሕተቱ የሚመጣው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሁሉ «ቅርስ» ተብሎ ሲከበር፣ በማድቤት በሥራ ላይ ያለው ግን ተራ ዕቃ ተብሎ ሲዘነጋ ነው።

እጅና ዕቃ

የምጣድ ነገር ሲነሣ ምጣዱን የሚሠሩት እጆች አለመነሣታቸው የታሪክ ጉድለት ነው። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ግርጌ በቀጨኔ ሰፈር የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ለትውልድ ትውልድ ምጣዱን፣ ጀበናውን፣ ድስቱን ለከተማው ሲያቀርቡ ኖረዋል። አፈሩን ቆፍረው በጀርባቸው ይሸከማሉ፤ በእጃቸው ያቦካሉ፤ በጢስ ውስጥ ይተኩሳሉ። ያለ እነርሱ የከተማው ገበታ ባዶ ነው። ኅብረተሰቡ ግን ለዘመናት የከፈላቸው ዋጋ ስድብ ነበር። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው «ቡዳ» እየተባለ ከጋብቻና ከማኅበር ተገልሏል። የሠሩትን ምጣድ ገዝቶ እንጀራ የጋገረው ሰው ከሠሪዋ ጋር በአንድ ማዕድ ለመቀመጥ ተጸይፏል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። ዐዋጁ ትልቅ ነገር ነበር፤ ነገር ግን ልማድ በአንድ ዐዋጅ አይነቀልም። ነጋድራስ ተሰማ ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹበት ዘመንና ይህ ዐዋጅ የወጣበት ዘመን አንድ መሆኑ ሊስተዋል ይገባል። የዘፈኑ ሸክላ ከውጭ ሲመጣ በአድናቆት ተከበበ። የአፈሩ ሸክላ ሠሪ ግን እንዳትሰደብ ዐዋጅ አስፈለጋት።

ይህ ንቀት የሥነ ምግባር ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የዕውቀትም ጥያቄ ነው። የትኛው አፈር ከየትኛው ጋር ቢቀላቀል ምጣዱ እሳት ችሎ ሳይሰነጠቅ ይኖራል? ቦይ ሲቦረቦር ምን ያህል ቢጠልቅ ሸክላው ሳይሳሳ ሽቦውን ይይዛል? መቼ ነው ደረቀ የሚባለው? ይህን የሚያውቁት እጆች ናቸው። ዕውቀቱ የሚተላለፈው ከእናት ወደ ልጅ ነው። ልጅቱ በትምህርት ቤት በእናቷ ሙያ ስትዘለፍ ሙያውን ትታ ብትሸሽ ሊፈረድባት አይችልም። የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት የሚበጠሰው ግን በዚያች ቀን ነው።

ሽቦ ሲቃጠል አዲስ ሽቦ ከገበያ ይገኛል። የብረቱ ጣባ ሲዝግ ሌላ ይቀጠቀጣል። ኃይሉ ከቆቃ ይምጣ፣ ከዐባይ ይምጣ፣ ለሸክላው ልዩነት የለውም። የምጣድ ሠሪዋ እጅ ከጠፋ ግን እነዚህ ሁሉ በምን ላይ ያርፋሉ? በዚያን ጊዜ ምጣዱ እንደ እንጨቱ ራዲዮ ይሆናል። መልኩ በቡና ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሰውም ያደንቀዋል፤ ሥራው ግን ለሌላ ይተላለፋል።

ስለሆነም አሮጌውን መልክ የሚወድ ሰው ፍቅሩን የሚያሳይበት መንገድ ዕቃ መሰብሰብ ብቻ ሊሆን አይገባም። የቋንቋ መምህሩ ማሟሸት፣ ማሰስ፣ አክንባሎ፣ ማሰሻ የሚሉትን ቃላት ከነሥራቸው ለተማሪው ቢያስተምር፣ የሳይንስ መምህሩም ስለ ሙቀት ሲያስረዳ ምሳሌውን ከቤት ምጣድ ቢወስድ ትልቅ ሥራ ይሆናል። ሠዓሊው ጀበናን ሲሥል ጀበና ሠሪዋንም ከነጭቃ እጇ ቢሥል፣ የቴአትር ደራሲው ምናለሽ ተራን ለሳቅ ብቻ ሳይሆን ለሙያው ክብር ወደ መድረክ ቢያመጣ፣ የባህል ሠራተኛው የቀጨኔንና የሌሎችንም ባለሙያዎች ዕውቀት ከአንደበታቸው መዝግቦ ቢያስቀምጥ፣ ለቀጣዩ ትውልድ የሚተርፈው ባዶ ቅርጽ ሳይሆን ቅርጹን የወለደው ዕውቀት ይሆናል።

ወጥ የሚያጣፍጠው ጉልቻው አለመሆኑን ተረቱ አስተምሯል። የሚያጣፍጠው የሠሪዋ እጅ ነው። ታሪክም ዕቃውን ሲመዘግብ እጁን አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል።